ሙያ በልብ ብቻ አይቅር

በየካ ክፍለ ከተማ ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው ጎዳና ግራና ቀኝ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ የሚሰበሰብ ጉባኤ አለ። ሰብሳቢ የለውም፤ አጀንዳ አይያዝበትም፤ ቃለ ጉባኤም አይጻፍበትም። ጉባኤተኛው አካፋውን ተመርኩዞ፣ መዶሻውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ፣ ከእንጦጦ ተራራ የሚወርደውን የማለዳ ብርድ በጋቢ ጫፍ እየተከላከለ የዕለት እንጀራውን የሚጠባበቀው ሠርቶ አደር ነው። ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ፎርማን ከመኪና ወርዶ «የቀን ሠራተኛ ስምንት!» ሲል አርባ እጅ ይነሣል። «ፌራዮ ሦስት!» ሲል ግን አብዛኞቹ እጆች ወደ ጋቢያቸው ይመለሳሉ።

በአንዱ ማለዳ በዚሁ ሥፍራ ተገኝተን ሁኔታውን በቅርብ ተመልክተን ነበር። አንድ ወጣት ጥቂት ካመነታ በኋላ እጁን አነሣ።

«ስታፋ አጥፈህ ታውቃለህ?» አለው ፎርማኑ።

«አዎን ጋሼ፣ ብዙ ጊዜ» ሲል መለሰ።

ወጣቱ ተጭኖ ሄደ። ቀትር ሳይሆን ግን በእግሩ ተመለሰ። ያጠፋቸው ስታፋዎች አንዱ ከሌላው የማይገጥሙ፣ የምሰሶውን ብረት አቅፈው የማይይዙ ሆነው በመገኘታቸው ተሰናብቷል። ከአጠገባችን ቆመው ሁሉን ይከታተሉ የነበሩ አንድ አዛውንት ፌራዮ ፈገግ ብለው እንዲህ አሉን፤ «ልጆቼ፣ አትፍረዱበት። እኔም የገባሁት ዋሽቼ ነው። ካፖው ብረቱን ሲያስር ጀርባውን ያዞርብን ነበር። አሳየን ስንለው ሙያ በልብ ነው ይለናል። እኛም ምሳ ሰዓት ላይ እሱ ሲተኛ የታሰረውን እየፈታን፣ መልሰን እያሰርን ተማርን።»

የዛሬው ጽሑፋችን መነሻ ይህችው አንዲት ቃል ናት። «ሙያ በልብ ነው» የሚለው ብሂል ጉራን የሚገሥጽ፣ ትሕትናን የሚያስተምር መልካም ብሂል መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ በግንባታ ሥፍራ ላይ ትርጉሙ ተለውጦ የሙያ መደበቂያ፣ የዕውቀት መቆለፊያ ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል። በልብ የተቆለፈ ሙያ ደግሞ ባለቤቱ ሲደክም ይደክማል፤ ባለቤቱ ሲሞትም አብሮት ይቀበራል። በሀገራችን የአርማታ ሥራ ላይ የሚታየው የሠለጠነ ሰው ኃይል እጥረት ከምንጮቹ አንዱ ይኸው መሆኑን ከመነሻው ማስገንዘብ እንወዳለን።

አርማታ ምንድን ነው? ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ ውሃና ብረት መሆኑን ማንም ያውቃል። ነገር ግን እነዚህ አምስቱ በአንድ ላይ ስለተከመሩ አርማታ አይሆኑም። አምስቱን አንድ የሚያደርጋቸው ስድስተኛው ነገር፣ ማለትም የሠራተኛው ዕውቀት ነው። ይህንን በጥቂት ተጨባጭ ምሳሌዎች እናስረዳ።

አንደኛው ምሳሌ ውሃ ነው። አንድ 50 ኪሎ የሚመዝን የሲሚንቶ ከረጢት ለተለመደው የምሰሶና የወለል አርማታ ወደ 25 ሊትር ያህል ውሃ ይበቃዋል። ይህ ልክ ሲጠበቅ ድብልቁ ወፈር ያለ ስለሚሆን በአካፋ ለመግፋት ያስቸግራል። የደከመው ሠራተኛ፣ ወይም የቸኮለው ፎርማን፣ «ትንሽ ቀጠን ይበል» ብሎ አንድ ባልዲ ሲጨምርበት ሥራው ወዲያውኑ ይቀላል። ነገር ግን ሲሚንቶው የማይፈልገው ውሃ ቀስ በቀስ ተንኖ ሲወጣ በቦታው ባዶ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። 25 ሊትር የነበረው 35 ሊትር በሆነ ጊዜ አርማታው ሊኖረው ከሚገባው ጥንካሬ ሲሶ ያህሉን ሊያጣ ይችላል። የከፋው ነገር ደግሞ ጉድለቱ በዓይን የማይታይ መሆኑ ነው። ልስንና ቀለም ሲቀባ ደካማውም ምሰሶ እንደ ብርቱው ያምራል።

ሁለተኛው ምሳሌ ብረት ነው። አርማታ ሲጫኑት ይችላል፤ ሲስቡት ግን ይሰነጠቃል። ብረት የሚገባበት ይህንን ስበት እንዲሸከም ነው። በሁለት ምሰሶዎች ላይ በተጋደመ ቢም መካከል ስበቱ የሚያርፈው ከታች ስለሆነ ዋናው ብረት ከታች ይታሰራል። ከግድግዳው ወጥቶ በአየር ላይ በተንጠለጠለ በረንዳ ግን ነገሩ ተገልብጦ ስበቱ ከላይ ይሆናል፤ ስለዚህ ብረቱ ከላይ መሆን አለበት። ለምን እንደሆነ ያልተነገረው ፌራዮ በለመደው መንገድ ከታች ቢያስረው ወይም አርማታ ሲፈስ የሚረማመዱበት ሰዎች ከላይ የነበረውን ብረት ረግጠው ወደ ታች ቢያወርዱት፣ በረንዳው ካሳፎርማው የተነሣለት ዕለት ይከዳል። የጋራ መኖሪያ ቤት ነዋሪዎች በረንዳቸው ላይ ልብስ ሲያሰጡና ልጆቻቸውን ፀሐይ ሲያሞቁ የቆሙት በዚያ ስሙን በማያውቁት ፌራዮ ዕውቀት ላይ መሆኑን ሊያስተውሉ ይገባል።

ሦስተኛው ምሳሌ ትዕግሥት ነው። አርማታ የሚጠነክረው በመድረቅ ነው ብለው የሚያምኑ ጥቂት አይደሉም። ሐቁ ግን ተቃራኒው ነው፤ አርማታ የሚጠነክረው ከውሃ ጋር እየተዋሐደ ነው። ስለዚህም ከፈሰሰ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀናት እርጥበቱ ሊጠበቅለት ያስፈልጋል። ጥንካሬውም የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። በእንጦጦ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነው ከተማችን፣ የበጋው ፀሐይና ደረቅ ነፋስ የአርማታውን ገጽ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያደርቀዋል። በጆንያ ሸፍኖ ጠዋትና ማታ ውሃ ማጠጣት የሚገባው ሠራተኛ ግን ብዙውን ጊዜ የዕለቱ ሥራ አለቀ ተብሎ የተሰናበተው ነው። የቀን ሠራተኛ በቀን ስለሚቀጠር የሰባት ቀን ኃላፊነት የሚረከብ ሰው ይጠፋል።

ከእነዚህ ምሳሌዎች የምንረዳው የአርማታ ሙያ የክንድ ጉልበት ብቻ ሳይሆን ንድፈ ሐሳብና ተግባር የተዋሐዱበት ሙያ መሆኑን ነው። ታዲያ ይህ ሙያ በሀገራችን እንዴት ሲተላለፍ ኖረ?

ታሪካችን በዚህ ረገድ ሁለት ገጽታ አለው። በየካ ተራራ ላይ ከአንድ ወጥ አለት ተፈልፍሎ የተሠራውን ዋሻ ሚካኤልን የተመለከተ ሁሉ ጥንታዊው ኢትዮጵያዊ ጠራቢ የነበረውን የሙያ ብቃት ይመሰክራል። ይሁን እንጂ የዚያ ጠራቢ ስምም ትምህርት ቤትም አልደረሰንም። ከዚያ በኋላም አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን በሥራቸው ሲያዋርድ የኖረ ልማድ በኅብረተሰቡ ውስጥ ሥር ሰድዶ ቆየ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው የችግሩን ጥልቀት ያሳያል። አዋጅ አንደበትን ሊገታ ይችላል፤ አስተሳሰብን ለመለወጥ ግን ትምህርትና ኑሮ ያስፈልጋሉ። ዛሬም ቢሆን «ልጄ ግንበኛ ሆነ» ብሎ በኩራት የሚናገር ወላጅ ስንት ነው?

የአርማታ ሙያ ራሱ ወደ ሀገራችን በስፋት የገባው በጣልያን ወረራ ዘመን መሆኑን ሠራተኛው በየዕለቱ የሚናገራቸው ቃላት ይመሰክራሉ። ፌሮ፣ አርማታ፣ ስታፋ፣ ሶሌታ፣ ካሳፎርማ፣ ካሪዮላ፣ ባሬላ ሁሉም የጣልያንኛ ቃላት ናቸው። እነዚህ ቃላት በመጽሐፍ አልመጡም፤ ባለቤቱ ሲያዝ ሠራተኛው በጆሮው ሰምቶ ያስቀራቸው ናቸው። ቃሉ ሲወረስ የቃሉ ምክንያት አብሮ አልተወረሰም። ስታፋ በዚህን ያህል ርቀት ይታሰር የሚለው ትእዛዝ ተላለፈ፤ ለምን በዚህን ያህል ርቀት እንደሚታሰር ግን በአዛዡ ዘንድ ቀረ።

ከነፃነት በኋላ ይህንን ክፍተት ለመሙላት የተደረጉ ጥረቶች ነበሩ። በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ተግባረ እድ ትምህርት ቤትና በ1947 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር የተከፈተው የሕንፃ ኮሌጅ ለሀገሪቱ የመጀመሪያዎቹን የግንባታ ባለሙያዎች አፍርተዋል። ሆኖም ከእነዚህ ተቋማት የወጡት ወደ ቢሮውና ወደ ንድፍ ጠረጴዛው ሲያመሩ፣ አርማታውን በእጁ የሚያፈሰው ሰፊው ሠራተኛ በዚያው «ሙያ በልብ ነው» በሚለው ትምህርት ቤት ውስጥ ቀረ። መሐንዲሱ የሚያስበው በወረቀት፣ ሠራተኛው የሚሠራው በልማድ ሆኖ፣ በሁለቱ መካከል ሰፊ ገደል ተፈጠረ።

ይህንን ገደል ለማጥበብ ከተደረጉት ጥረቶች ለየካ ነዋሪ ይበልጥ ቅርብ የሆነው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ነው። በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ በሙከራ የተጀመረው፣ ብሎኬትንና በቅድሚያ የተመረቱ ቢሞችን በመጠቀም ወጪን የመቀነስ ዘዴ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ አያትና ወደ የካ አባዶ ሠፊ ሜዳዎች ተሻገረ። እነዚህ ሥፍራዎች ያኔ በየካ ውስጥ የነበሩ ሲሆኑ፣ በ2013 ዓ.ም. ከየካና ከቦሌ ተከፍሎ የተቋቋመው ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ የየካን ምሥራቃዊ ክፍል ወስዷል። በሀገር አቀፍ ደረጃ የተነደፈው መርሐ ግብር 400,000 ቤቶችን መገንባትን ብቻ ሳይሆን ለ200,000 ሰዎች ሥራ መፍጠርንና 10,000 ጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶችን ማጠናከርን ዓላማው አድርጎ ነበር። ወጣቶች ተደራጅተው ብሎኬት እንዲያመርቱ፣ ቢም እንዲያፈሱ፣ ብረት እንዲያስሩ አጫጭር ሥልጠናዎች ተሰጣቸው።

የዚህ ሥራ ውጤት በሐቀኝነት ሊመዘን ይገባል። በመልካም ጎኑ፣ ቀደም ሲል ወደ ግንባታ ሥፍራ ለሸክም ብቻ ይገቡ የነበሩ ብዙ ወጣት ወንዶችና ሴቶች የሙያ ባለቤት ሆነዋል። ዛሬ በከተማችን በሚታዩት ትልልቅ ግንባታዎች ላይ ከሚሠሩት መካከል የመጀመሪያ ብሎኬታቸውን በጋራ መኖሪያ ቤት ሳይት ያመረቱ አሉ። በደካማ ጎኑ ደግሞ፣ የቤቱ ቁጥር የእጁን ጥራት ቀደመው። ሥልጠናው አጭር፣ ጥድፊያው ረጅም ነበር። ብሎኬቱ ውሃ ጠጥቶ ሳይጠነክር የተጫነበት፣ ቫይብሬተር በአግባቡ ባለመነካቱ የምሰሶው ገጽ እንደ ማር እንጀራ ተቦርቡሮ የተገኘበት፣ ቆይቶም በልስን የተሸፈነበት ሁኔታ አልጠፋም። እኛ ራሳችን በተከራየንበት አንድ ሕንፃ ላይ ሚስማር ለመምታት የሞከርንበት ግድግዳ እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈርፍሮ ጎረቤታችንን እስከማየት ደርሰናል።

በዚህ አጋጣሚ በራሳችንም ላይ ሂስ ማቅረብ ይገባናል። እኛ ጋዜጠኞች የሕንፃ ምረቃ ሲኖር እንገኛለን፤ የፎቁን ብዛት፣ የወጪውን መጠን፣ ሪባን የቆረጠውን ባለሥልጣን ስም እንዘግባለን። ይህንን ሕንፃ ሲሠሩ ስንት ሰዎች ፌራዮ ሆኑ ብለን የጠየቅንበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ሕንፃ ሲቆጠር እጅ ካልተቆጠረ፣ የሚቀጥለው ሕንፃ በማን እጅ እንደሚሠራ አናውቅም።

ዛሬ ሁኔታው አሳሳቢነቱ ጨምሯል። በ1976 ዓ.ም. ሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር የሀገሪቱ ዋና ችግር ሲሚንቶው ራሱ ነበር። በመስከረም 2017 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ የተመረቀው የለሚ ብሔራዊ ሲሚንቶ ፋብሪካ ግን ብቻውን በቀን 150,000 ኩንታል የማምረት አቅም እንዳለው ተገልጿል። ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ አርማታ የፈሰሰበት ታላቁ የሕዳሴ ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከአያት ተነሥቶ በመገናኛ የሚያልፈው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. መባቻ አገልግሎት ሲጀምር የአርማታ ድልድዮቹ ለከተማው እንግዳ ነበሩ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማት ሳቢያ ቀንና ሌሊት አርማታ የሚፈስባቸው ጎዳናዎች በዝተዋል። በአጭሩ፣ የማምረቻ መሣሪያውና ጥሬ ዕቃው በፍጥነት ሲያድግ ሙያው ወደ ኋላ ቀርቷል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው አለመመጣጠን የዘርፉ መሠረታዊ ቅራኔ ነው።

የዚህ ቅራኔ ዋጋ በገንዘብ ብቻ የሚከፈል ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በምንጃር ሸንኮራ፣ በአረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ በዓል ለማክበር የተሰበሰቡ ምእመናን በነበሩበት የግንባታው የእንጨት መወጣጫ ተደርምሶ ከ30 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። የዚያን አደጋ ዝርዝር ምክንያት መመርመር የባለሙያዎች ሥራ ነው። ነገር ግን በመላ ሀገራችን፣ ከእንጦጦ ተራራ በሚወርደው የባሕር ዛፍ አጣና ጭምር፣ በየዕለቱ ስንት መወጣጫ በግምት እንደሚታሰር የማናውቅ አለን? አጣናው ስንት ሰው ይችላል፣ እግሩ በምን ላይ ቆሟል፣ ከግድግዳው ጋር በምን ታስሯል የሚሉት ጥያቄዎች ትምህርት ይሻሉ። ምሽቱን የሚመለስ አባት የሚጠብቁ ልጆች ያሉት ሠራተኛ በግምት ላይ ሊወጣ አይገባውም።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ሥርዓቱ ጨርሶ የለም ለማለት አይቻልም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ አንድ ሠራተኛ ሙያውን የትም ይማረው የት፣ ብቃቱን በምዘና ካረጋገጠ የምስክር ወረቀት ሊያገኝ እንደሚችል ደንግጓል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ እየፈታ ያሰረው ያ አዛውንት ፌራዮም እንደ ኮሌጁ ተማሪ እኩል ሊመዘን ይችላል ማለት ነው። አሠልጣኞችን የሚያሠለጥነው፣ በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የፌዴራል የቴክኒክና ሙያ ተቋምም የሚገኘው በዚሁ በየካ፣ በለምበረት አካባቢ ነው። በትብብር ሥልጠና መርሕም ሠልጣኙ አብዛኛውን ጊዜውን በሥራ ቦታ እንዲያሳልፍ ይጠበቃል።

ክፍተቱ ያለው በአፈጻጸሙ ላይ ነው። ሠልጣኙ ወደ ሳይት ሲላክ ተቋራጩ ብዙውን ጊዜ እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደ ነፃ ጉልበት ይመለከተዋል፤ ጠጠር ያሸክመዋል። አንዳንዱም «አሠልጥኜ ሌላ ይወስድብኛል» በሚል ስሌት ወለል ጠራጊ አድርጎ ያቆየዋል። ስሌቱ በግለሰብ ደረጃ ትክክል ይመስላል። ሁሉም እንዲህ ሲያስብ ግን የሚወስደውም የሚወሰድበትም የሠለጠነ ሰው ይጠፋል። በሌላ በኩል፣ ዕድሜ ልኩን የሠራው ባለሙያ ለምዘና አንድ ቀን ቢቀር የዚያን ቀን እንጀራ ያጣል። ምስክር ወረቀቱን ካገኘም በኋላ ክፍያው ካልተለወጠ ወረቀቱ ለሣጥን ማሞቂያ ይሆናል። ስለዚህ ሥልጠና ከደመወዝ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም።

በትምህርት በቆየንበት በጀርመን አገር የአርማታ ሠራተኛ ለመሆን የሚሻ ወጣት ሦስት ዓመት ይማራል። ከጊዜው ከፊሉን በትምህርት ቤት፣ ከፊሉን በአሠሪው ድርጅት ውስጥ ያሳልፋል፤ በሥልጠናው ጊዜ ሁሉ የተወሰነ ክፍያ ያገኛል። መጨረሻ ላይ የሚፈትነው አሠሪው ወይም ትምህርት ቤቱ ብቻውን ሳይሆን የሙያው ምክር ቤት ነው። በየድርጅቱ የሚያሠለጥነውም ለማሠልጠን ብቁ መሆኑ የተመሰከረለት ሰው ነው። ይህንን የምናነሣው የሌላውን እንዳለ ገልብጠን እናምጣ ለማለት አይደለም፤ ሀገሩም ኑሮውም ይለያያል። ለኛ የሚበጀው ትምህርት አንድ ነው፤ ማስተማር የሥራው አንድ ክፍል ተደርጎ ይከፈልበታል እንጂ ለካፖው በጎ ፈቃድ አይተውም።

ስለሆነም የሚከተሉት ተግባራት ትኩረት ሊያገኙ ይገባል እንላለን። በሕዝብ ገንዘብ በሚሠራ ማናቸውም ግንባታ ውል ውስጥ ስንት ሠልጣኝ፣ በማን አሠልጣኝነት፣ በምን ያህል ክፍያ እንደሚሠለጥን ይገለጽ፤ ርክክብ ሲደረግም ሕንፃው እንደሚለካ ሁሉ ሠልጣኙም ይቆጠር። ምዘናው ሠራተኛው ወዳለበት ሳይት ይምጣ። የሙያ መማሪያው ፌሮና ስታፋ በሚለው፣ ሠራተኛው በሚያውቀው ቋንቋ ይጻፍ። ከእንጦጦ የማገዶ ጭነት በጀርባቸው እያወረዱ ልጆች ያሳደጉ እናቶች ልጆች የሆኑት፣ ዛሬ በየሳይቱ አሸዋና ጠጠር የሚያቀብሉት እኅቶቻችን ከባሬላው ወደ ብረት ማሰሪያው፣ ከብረት ማሰሪያውም ወደ ፎርማንነቱ የሚሻገሩበት በር ይከፈት።

የነዋሪዎች ማኅበራትና እድሮችም ከዳር ቆመው ሊመለከቱ አይገባቸውም። የአጥር ግንብ፣ የውሃ ጋን ማስቀመጫ ወይም የመሰብሰቢያ አዳራሽ ሲያሠሩ ርካሹን ብቻ ሳይሆን የተመሰከረለትን ባለሙያ ይጠይቁ፤ አንድ የሠፈር ወጣትም አጠገቡ ቆሞ እንዲማር በውሉ ያስገቡ። አሸዋ ሲራገፍ ጥቂቱን በብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ ከውሃ ጋር በጥብጠው ሲያስቀምጡት አሸዋው ከታች፣ ጭቃው ከላይ ተለይቶ ይቀመጣል። የጭቃው ድርሻ ከመቶ ስድስት እጅ ከበለጠ አሸዋው ታጥቦ ካልሆነ አይጠቅምም። ይህንን ለማየት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ጠያቂ ባለቤት ባለበት አታላይ ተቋራጭ አይበረክትም።

ከአዛውንቱ ፌራዮ ስንለያይ ፀሐይዋ የየካን ኮረብታ አልፋ ነበር። ከማለዳው የተመለሰው ወጣት ራቅ ብሎ በድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አዛውንቱ ተጠግተው ከኪሳቸው ቁራጭ ማሰሪያ ሽቦ አወጡ። «ና እስቲ ልጄ፣ አጠፋፉን ላሳይህ። መጀመሪያ ለምን እንደሚታጠፍ ስማኝ» አሉት። ወጣቱ ተነሥቶ መጣ። ሌሎች ሦስት አራት ልጆችም ተጠጉ። ለዚያ ትምህርት የከፈላቸው አንድም ሰው አልነበረም። እኒህ አዛውንት በአጣና ጥላ ሥር በነፃ የሚሰጡትን ትምህርት ሀገር በሥርዓት፣ በክፍያና በክብር ልትሰጠው ይገባል። ያኔ ፎርማኑ በማለዳ «ፌራዮ ሦስት!» ብሎ ሲጣራ፣ ሳይዋሹ የሚነሡ እጆች ይበዛሉ።